በወረቀት የቆሙ ሃያ ሰባት ትራፊኮች

ፊሽካ፦ አንድ ነኝ።

አባ ቁጥር፦ ሦስት ነህ አልኩህ።

ፊሽካ፦ ጌታዬ፣ እናቴ አንድ ነው የወለደችኝ። መንታ እንኳ አልነበርኩም።

አባ ቁጥር፦ እናትህ ስለ ሰው ኃይል አያያዝ ምን ታውቃለች? ጠዋት ቆመሃል፣ አንድ። ቀትር ላይ ቆመሃል፣ ሁለት። አመሻሽ ልጆቹ ሲወጡ ቆመሃል፣ ሦስት። ይሄን ለመቁጠር ዩኒቨርሲቲ መግባት ያስፈልጋል?

ፊሽካ፦ ሦስት ጊዜ ቆምኩ እንጂ ሦስት ሰው አልሆንኩም።

አባ ቁጥር፦ ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ መንገድ ላይ የቀረኸው ለዚህ ነው።

(ይህ ሁሉ ክርክር የሚደረገው በአንድ ፖሊስ ጣቢያ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ በሩ ላይ «የትራፊክ እቅድና ስታትስቲክስ» ተብሎ በተለጠፈበት ክፍል ውስጥ ነው። አባ ቁጥር የክፍሉ ኃላፊ ነው። አራት ባለ ቀለም እስክሪብቶ ደረት ኪሱ ላይ ሰክቶ ይውላል፤ የሚያውቀው ነገር ሁሉ ከዚያች ኪስ የወጣ ነው ቢባል ሐሜት አይሆንም። ፊሽካ ደግሞ ከጣቢያው ወረድ ብሎ ባለው የትምህርት ቤት መስቀለኛ መንገድ ላይ የሚቆም ትራፊክ ነው። ሲናገር ዝግ ይላል፣ የተነገረውን ደግሞ ይጠይቃል፣ ስለዚህ ጣቢያው በሙሉ ቂል አድርጎ ይቆጥረዋል። የአባ ቁጥር ሚስት የፊሽካ ታናሽ እህት ናት። ቤት ሲገናኙ አባ ቁጥር «ጋሼ» ብሎ ከመቀመጫው ይነሳለታል። እዚህ ግን «ሥራ ቦታ ሥራ ቦታ ነው» ባይ ስለሆነ አንተ እያለ ያመናጭቀዋል፣ ወንበርም አይሰጠውም። ፊሽካ ከገባ ጀምሮ እንደቆመ ነው።)

ፊሽካ፦ እሺ ጌታዬ፣ ሦስት ነኝ እንበል።

አባ ቁጥር፦ እንበል የሚባል ነገር የለም። ነህ።

ፊሽካ፦ ሦስት ከሆንኩ አንደኛው እዚህ ማዶ ይቁም፣ ሁለተኛው እዚያ ማዶ ይቁምልኝ። ሦስተኛው ደግሞ ፈቃድ ይውጣ። እግሩን ያመዋል።

አባ ቁጥር፦ በአንድ ጊዜ አይደለም እኮ ሦስት የምትሆነው። በየተራ ነው።

ፊሽካ፦ መኪናው ግን በየተራ አይመጣም።

አባ ቁጥር፦ መኪናው የኔ ክፍል ሥራ አይደለም።

ፊሽካ፦ ምሳ ስሄድስ ስንት ነኝ?

አባ ቁጥር፦ ምሳ ላይ አትቆጠርም።

ፊሽካ፦ ሦስታችንም አብረን ነው ምሳ የምንሄደው?

(አባ ቁጥር መነጽሩን አውልቆ ዓይኑን አሸት አሸት አደረገ። ከእንዲህ ዓይነቱ ሰው ጋር መዛመዱ ራሱ ቅጣት ሆኖ ተሰማው።)

አባ ቁጥር፦ እጅህ ላይ ያለው ወረቀት ምንድን ነው?

ፊሽካ፦ ማመልከቻ ነው። አንድ ሰው ይጨመርልኝ የሚል።

አባ ቁጥር፦ ባለፈው ወርም አምጥተህ ነበር።

ፊሽካ፦ ከዚያ በፊትም አምጥቻለሁ። ይሄ ሦስተኛው ነው።

አባ ቁጥር፦ አየህ? ማመልከቻ ሲሆን ሦስት ድረስ መቁጠር ትችላለህ።

ፊሽካ፦ መስቀለኛው ሁለት አፍ አለው ጌታዬ። ከቁልቁለቱ የሚመጣውን ሳቆም በገበያው በኩል ያለው ይለቀቃል። ወደ ገበያው ስዞር ቁልቁለቱ ይለቀቃል። ልጆቹ መሐል ላይ ናቸው። ማክሰኞ ዕለት አንድ ሚኒባስ የአንዲት ልጅ ቦርሳ በመስታወቱ አንጠልጥሎ ሄደ። ማንገቻው ባይበጠስ ኖሮ ልጅቷም አብራ ትሄድ ነበር። ሰባት ዓመቷ ነው።

አባ ቁጥር፦ ልጅቷ ተጎዳች?

ፊሽካ፦ አልተጎዳችም። አለቀሰች።

አባ ቁጥር፦ ቅጹ ላይ ሞት አለ፣ ከባድ ጉዳት አለ፣ ቀላል ጉዳት አለ። የቦርሳ የሚባል ዓምድ የለም። የለቅሶም የለም።

ፊሽካ፦ የሚቀጥለው ሚኒባስ ዓምድ ያለው ሊሆን ይችላል።

አባ ቁጥር፦ ያን ጊዜ ሪፖርት እናደርጋለን። ደረጃው የሚለው በአንድ መስቀለኛ ሦስት ሰው፣ ለየፈረቃው አንድ አንድ ነው። አንተ ሦስት ነህ። ምንም አልጎደለህም። ማመልከቻህን ውሰድና ለአንዱ ሻጭ ስጠው፣ ሎሚ ይጠቅልልበት።

(ፊሽካ ተቆጣ። ልጅቷ በሁለት እጇ ቀበቶውን ይዛ አልለቅም ያለችው እስካሁን ከሆዱ አልወጣም።  ዓይኑን ወደ ግድግዳው አዞረ። ግድግዳው ላይ በቀይና በአረንጓዴ የተቀለመ፣ እንደ አባ ቁጥር ደረት የተነፋ ሠንጠረዥ ተሰቅሏል።)

ፊሽካ፦ ያ ሃያ ሰባት የሚለው ምንድን ነው?

አባ ቁጥር፦ (ኮሌታውን እያስተካከለ) እሱማ የዓመት ልፋቴ ነው። ይህ ጣቢያ ለመንገድ ትራፊክ ብቻ የተመደበ ሃያ ሰባት ፖሊስ አለው። መስቀለኞቻችን ስምንት፣ ሦስት ሦስት ሰው ቢደርሳቸው ሃያ አራት። ሦስት ሰው ትርፍ አለን። ሌላው ጣቢያ ሰው አነሰኝ እያለ ሲያለቅስ እኔ ትርፍ አለኝ። ዋናው መሥሪያ ቤት የእቅድ ኃላፊው ወንበር ባዶ መሆኑን ሰምተህ ይሆናል።

ፊሽካ፦ እኔ ግን ጠዋት ስወጣ ብቻዬን ነው የምወጣው። ሃያ ስድስቱ በየት በኩል ነው የሚወጡት?

አባ ቁጥር፦ ዘጠኝ ሲባዛ በሦስት ፈረቃ ነው፣ አንተ ሰውዬ።

ፊሽካ፦ ባለፈው ዓመት ሠንጠረዡ አሥራ አንድ ይል ነበር እኮ። ሁለቱ ጡረታ ወጡ።

አባ ቁጥር፦ ባለፈው ዓመት ማባዛት አልተጀመረም ነበር። ሰው ሲቀንስ ቁጥሩ ይጨምራል፤ እቅድ ማለት እንዲህ ነው። ሰው ሲጨምር ቁጥር መጨመርማ ማንም ያደርገዋል።

ፊሽካ፦ በሳምንት ሰባት ቀን ነው የምቆመው። ለምን በሰባት አላባዙትም?

(አባ ቁጥር ስድቡን ትቶ ቀዩን እስክሪብቶ መዝዞ መዳፉ ላይ አንድ ነገር ጻፈ።)

አባ ቁጥር፦ ያንን እኔም አስቤዋለሁ። ለሚቀጥለው ዓመት ነው የያዝኩት።

ፊሽካ፦ ዘጠኙስ እነማን ናቸው?

አባ ቁጥር፦ ቁጠር። አንተ አንድ።

ፊሽካ፦ አሁን አንድ ሆንኩ?

አባ ቁጥር፦ ከመባዛትህ በፊት ነው። ሁለት፣ የአዛዡ ሾፌር።

ፊሽካ፦ እሱ የአዛዡን ሚስት ነው የሚያመላልሰው።

አባ ቁጥር፦ በምን ላይ ነው የሚያመላልሳት? በአየር ነው? መንገድ ላይ ነው። ሦስት፣ የባንዱ ከበሮ መቺ።

ፊሽካ፦ ከበሮ መቺው ደግሞ ምን አገባው?

አባ ቁጥር፦ ሰልፍ ሲኖር መሐል አስፋልት ላይ ነው የሚሄደው፣ መኪናውም ቆሞ ያሳልፈዋል። አንተ እጅህን እያወናጨፍክ የማታስቆመውን እሱ በዱላው ያስቆማል። አራት፣ የአዛዡ ቤት በር ጠባቂ። በሩ ወደ መንገድ ነው የሚከፈተው። አምስት፣ የንብረት ክፍሉ ሰው። የምትለብሰውን ሰደርያ የሚያወጣልህ ማነው?

ፊሽካ፦ እስካሁን አላወጣልኝም። ይሄን ራሴ ነኝ የገዛሁት።

አባ ቁጥር፦ ስድስት፣ ጸሐፊዋ። ሰባት፣ ወገቡን ታሞ ቤቱ የተኛው።

ፊሽካ፦ ከተኛ ሁለት ዓመቱ ነው።

አባ ቁጥር፦ ይነሳል። ስምንት፣ ያ ቀጭኑ ሞተረኛ።

ፊሽካ፦ ጌታዬ፣ እሱ እኮ ሞቷል። ቀብሩ ላይ አብረን ነበርን። እርስዎ እንደውም ንግግር አድርገዋል።

አባ ቁጥር፦ ንግግር አድርጌያለሁ፣ የሞቱ ደብዳቤ ግን አልደረሰኝም። ደብዳቤ ያልመጣለትን ሰው ከዝርዝር የማወጣበት ምን ሥልጣን አለኝ?

ፊሽካ፦ እና እሱም በሦስት ተባዛ?

አባ ቁጥር፦ ለማንም አላዳላም። ዘጠነኛው እኔ ነኝ።

ፊሽካ፦ እርስዎ?

አባ ቁጥር፦ ምን አስደነገጠህ? መለያ ቁጥር አለኝ፣ የደንብ ልብሴም ቁም ሳጥን ውስጥ ተሰቅሏል። ከጠዋት እስከ ማታ የማስበው ስለ ትራፊክ ነው። አንተ ቆመህ የምታስበው ስለ እግርህ ነው። ከሁለታችን ለትራፊክ የተመደበው ማነው?

(ስልኩ ጮኸ። አባ ቁጥር የደወለው የበላይ መሆኑን ሲያይ ብድግ አለ፤ ማንም እንደማያየው ረስቶ ኮፍያውን አጠለቀ።)

አባ ቁጥር፦ (በስልክ) አቤት ጌታዬ። … አዎን፣ ሃያ ሰባት። … የስም ዝርዝር? … ማን የት መስቀለኛ እንደሚቆም? … እስከ ስድስት ሰዓት? ምን ችግር አለው ጌታዬ፣ እጃችን ላይ ያለ ነገር ነው። (ስልኩን ዘግቶ) እጃችን ላይ ምንም የለም። ስንት ሰዓት ነው?

ፊሽካ፦ አምስት ተኩል። ስድስት ላይ ልጆቹ ለምሳ ስለሚለቀቁ እኔም መሄድ አለብኝ።

አባ ቁጥር፦ የትም አትሄድም። ጸሐፊዋ የት ናት?

ፊሽካ፦ ጥርሷን ልታስነቅል ወጥታለች።

አባ ቁጥር፦ ያንተ ጽሑፍ ይነበባል?

ፊሽካ፦ የቅጣት ወረቀት የሰጠሁት ሁሉ እስካሁን አንብቦታል።

አባ ቁጥር፦ በል ተቀመጥ። የኔ ወንበር ላይ ተቀመጥ፣ ምን ይደረግ። ቅጹ ይኸው። በቀኝ መስቀለኞቹ ታትመዋል፣ በግራ ሰው ትሞላለህ። ከእያንዳንዱ ስም ፊት ጠዋት፣ ቀትር፣ አመሻሽ ብለህ ድገም። ሃያ ሰባት ይመጣልሃል። አታስብ፣ የምልህን ብቻ ጻፍ።

ፊሽካ፦ (ሲቀመጥ ጉልበቱ ቋ አለ) ሾፌሩን የት ላድርገው?

አባ ቁጥር፦ አደባባዩን በቀን ሁለት ጊዜ ይዞረዋል፤ አደባባዩን ስጠው። ከበሮ መቺው ጩኸት ስለለመደ አውቶቡስ ማቆሚያው ጋ። በር ጠባቂውን እዚያው በሩ ፊት ለፊት፣ መንቀሳቀስም አይኖርበት።

ፊሽካ፦ ወገቡን የታመመውን?

አባ ቁጥር፦ ሜዳማ ቦታ ፈልግለት።

ፊሽካ፦ የሞተውንስ?

አባ ቁጥር፦ ራቅ አድርገው።

ፊሽካ፦ ከዚህ በላይ?

አባ ቁጥር፦ የከተማው ዳር ያለውን መገንጠያ ስጠው። ተቆጣጣሪ እዚያ ድረስ አይሄድም። ጸሐፊዋንና ንብረት ክፍሉን ከቀረው አካፍላቸው። ይሄም አስተማሪ ይፈልጋል?

(ፊሽካ አቀርቅሮ መጻፍ ጀመረ። አባ ቁጥር በበኩሉ ወደ መስኮቱ ዞር ብሎ ሚስቱ ጋ ደወለ። ድምፁን ዝቅ እንኳ አላደረገም።)

አባ ቁጥር፦ (በስልክ) የኔ ቆንጆ፣ ሰማያዊውን ሙሉ ልብሴን ተኩሺልኝ። … ዋናው መሥሪያ ቤት ሳይጠሩኝ አይቀሩም። … ወንድምሽ? እዚሁ አለ፣ እያጻፍኩት ነው። … ምን ያደርጋል፣ ደህና ሰው ነው፣ ግን ጭንቅላቱ እዚያው መንገድ ላይ ቀርቷል። አንቺን ያወጣ ማኅፀን እሱን እንዴት እንዳወጣው እንጃ።

ፊሽካ፦ ጌታዬ፣ ስምንቱም መስቀለኛ ሞላ። አንድ ሰው ተረፈኝ።

አባ ቁጥር፦ (ስልኩን ከጆሮው ሳያነሳ) ትርፍማ አለን ብዬሃለሁ። የፈለግክበት ቦታ ደርበውና አምጣ።

ፊሽካ፦ የፈለግኩበት?

አባ ቁጥር፦ ለአንድ ሰው ደግሞ ስብሰባ ልጥራልህ?

(ፊሽካ ማመልከቻውን አየ፣ የአማቹን ጀርባ አየ። ከዚያም ሳይቸኩል፣ ፊደሉን እያሳመረ ጻፈ። አባ ቁጥር ወረቀቱን ተቀበለ። ስም የማንበብ ልማድ የለውም፤ ድምሩ ሃያ ሰባት ማለቱን አይቶ ፈረመ፣ ማኅተሙን መታ፣ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ላከው። ከዚያ ፎቶውን አጉልቶ የገዛ ፊርማውን ሲያደንቅ ቆየ። አሥር ደቂቃ ሳይሞላ ስልኩ እንደገና ጮኸ።)

አባ ቁጥር፦ (በስልክ) አቤት ጌታዬ። … ደረሰዎት? … ከጣቢያዎች ሁሉ አንደኛ? ኧረ የሥራ ባልደረቦቼ ውጤት ነው ጌታዬ። … ተቆጣጣሪ? … ከነገ ጀምሮ በየመስቀለኛው፣ በቀን ሦስት ጊዜ፣ ፎቶ እያነሳ። … ሁለት ወር ሙሉ። … ቦታው ላይ ያልተገኘ ከሥራ ይሰናበታል? ተገቢ ነው ጌታዬ፣ እኔም ብሆን ሌላ አልወስንም። … ከትምህርት ቤቱ ነው የሚጀምሩት? … የልጅቷ አባት አቤት ብሎ ነው? … ሁለት ሰው አይተው ደስ አለዎት? አዎን፣ እዚያ ሁለት ሰው ነው ያቆምነው። ሆን ብለን ነው። … አንድ ሰው ቢጎድል በኔ ይሁንብኝ ጌታዬ።

(ስልኩን ዘጋና ክፍሉ ውስጥ ወዲያና ወዲህ ተንጎራደደ። ሐሳቡ ገና አልተቋጨም፤ ደስታው ግን ቀድሞ ፊቱ ላይ ወጥቷል።)

አባ ቁጥር፦ ቀላል ነው። ሾፌሩም ከበሮ መቺውም ነገ ሰደርያ ለብሰው ይቆማሉ። ጸሐፊዋ ጥርሷን ይዛም ቢሆን ትቆማለች። የሞተውን ደብዳቤውን ዛሬውኑ እናስመጣለታለን፤ ትላንት እንደሞተ ይቆጠራል። ይኸው አንተም የፈለግከው ሰው ተገኘልህ። በሦስት ማመልከቻ ያላገኘኸውን እኔ በአንድ ፊርማ ሰጠሁህ። ማነው ከጎንህ የተመደበው?

ፊሽካ፦ አንድ የሥራ ባልደረባችን ነው።

አባ ቁጥር፦ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ እንዲገኝ ንገረው። ጎበዝ ነው ሰነፍ?

ፊሽካ፦ ቆሞ አይቼው አላውቅም።

አባ ቁጥር፦ ሰነፍ ነው ማለት ነው። ቢዘገይ አልምረውም በለው። ባይመጣ የስንብቱን ደብዳቤ ራሴ ነኝ የምፈርመው።

ፊሽካ፦ ራስዎ ነዎት የሚፈርሙት። ከኔ ስም ቀጥሎ የተጻፉት እርስዎ ነዎት።

(አባ ቁጥር ሳቀ። ፊሽካ አልሳቀም። አባ ቁጥር ስልኩን አወጣ፣ ፎቶውን ከፈተ፣ በዚህ ጊዜ ከፊርማው ከፍ ብሎ አነበበ። ክው አለ።)

አባ ቁጥር፦ ማን ፈቀደልህ?

ፊሽካ፦ የፈለግክበት ቦታ ደርበው ብለዋል። እኔ የፈለግኩት እዚያ ነው።

አባ ቁጥር፦ አሁኑኑ ደውዬ ስህተት ነው እላለሁ። እኔ የቢሮ ሰው ነኝ፣ መንገድ ላይ አልቆምም እላለሁ።

ፊሽካ፦ ይደውሉ። ጸሐፊዋስ የቢሮ ሰው አይደለችም ወይ ብለው ከጠየቁዎት ምን ይላሉ?

(አባ ቁጥር ቁጥሩን መምታት ጀምሮ ነበር፤ ጣቱ መሐል ላይ ቀረ። አንድ ሰው ካወጣ ዘጠኙም ተራ በተራ እንደሚወጡ፣ ሃያ ሰባቱም ውሃ እንደሚበላቸው፣ እሱም ከነሰማያዊ ልብሱ አብሮ እንደሚሄድ ታየው። ለመጀመሪያ ጊዜ ያለ እስክሪብቶ አሰላ።)

አባ ቁጥር፦ እሺ፣ ጠዋት ልቁም። ቀትርና አመሻሹን ሌሎቹ ሁለቱ ይቁሙ።

ፊሽካ፦ ሁለቱም እርስዎ ነዎት ጌታዬ።

አባ ቁጥር፦ ሁለት ወር በፀሐይ?

ፊሽካ፦ ዝናብም አለ።

(አባ ቁጥር መቀመጫ ፈለገ። ወንበሩ ላይ ፊሽካ ነበር፤ አልተነሳለትም። አባ ቁጥር በሩን ዘጋ፣ ተመልሶ ጠረጴዛው ጥግ ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ።)

አባ ቁጥር፦ ጋሼ።

ፊሽካ፦ አቤት።

አባ ቁጥር፦ የተናገርኩትን ሁሉ ከልብዎ እንዳይዙብኝ። ሥራ ነው፣ ሰው ይበሳጫል።

ፊሽካ፦ ምን ፈለግክ?

አባ ቁጥር፦ አንድ ነገር ልጠይቅዎት። ለማንም እንዳይነግሩብኝ፣ ለእህትዎም ቢሆን።

ፊሽካ፦ ጠይቅ፣ ልጆቹ ሊለቀቁ ነው።

አባ ቁጥር፦ መኪና የሚያስቆመው የትኛው እጅ ነው?

(ፊሽካ ቀና ብሎ አየው። ይህ ሰው አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የትራፊክ እቅድ ሲያወጣ የኖረ ነው። ፊሽካ አዘነለት ማለት ውሸት ይሆናል። ተነሳ፣ ኮፍያውን አጠለቀ፣ በሩን ከፈተ።)

ፊሽካ፦ አይጨንቅህ። ጠዋት ቀድመው የሚመጡት አንደኛ ክፍሎቹ ናቸው፤ እነሱ ያሳዩሃል።